በርኖስ የለበሰው ፈረስ

ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴ ፈረስ በአውድማው ዙሪያ ይዞር ነበር። ጀርባው ላይ የአባቴ ጥቁር በርኖስ ተደርቧል። ገመዱን የያዘው የአክስቴ የባንቺአየሁ ባል ሰውአገኝ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይናገር፣ ቀስ እያለ ይራመዳል። ጎረቤቶቻችን በአውድማው ዳር ቆመዋል። ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈዋል፤ ሴቶቹ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘዋል። የአባቴ እህት ባንቺአየሁ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ከመሀል ቆማለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

ደብተሮቼን እንደታቀፍኩ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ምን እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አባቴ ሞቷል።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቻለሁ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቀኛዝማች ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ የአገሩ ትልቅ ሰው ሞተው ልቅሶው ሜዳ ወጥቶ ነበር። አባቴ ሰው እንዳይረግጠኝ ትከሻው ላይ ስላስቀመጠኝ ሁሉን ከላይ ሆኜ አየሁ። የሽማግሌው ፈረስ ካባቸውን ለብሶ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በሕዝቡ መሀል ይዞር ነበር።

«ምነው ሰው አልተቀመጠበትም?» አልኩት።

«ጌታው ስለሞተ ነዋ» አለኝ አባቴ። «ሰዉ ፈረሱን እያየ ጌታውን እንዲያስብ ነው የሚያዞሩት።»

«አንተም ስትሞት ፈረስህን ዳማን ያዞሩታል?»

«ካላዞሩትማ ተነስቼ እጣላቸዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እኔም አብሬው ተንቀጠቀጥኩ።

አባቴ ክንዱ ይባላል። ቤታችን በወገራ ደጋ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የመኪና መንገድ ተነጥሎ ረጅሙን ዳገት ከወጡ በኋላ በሚገኝ መንደር ነው። ፈረሱ ዳማ ከዚያ እሑድ በፊት ከአባቴ ተለይቶ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። እሑድ ዕለት ግን የአባቴ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጠረና የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪናው መንገድ አወረዱት። ከዚያ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ወሰዱት። እናቴ ዝናሽ ተከተለችው። ከቃሬዛው ላይ እጁን ዘርግቶ ለባንቺአየሁ የተናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ዳማን አደራ።» ስለ እኔ ምንም አላለም። ይህን ልብ ብዬ ነበር።

ዛሬ ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም ጎንደር ነው። አባቴን ያመመው የአንጀት መጠማዘዝ እንደነበር፣ በእኛ ደጋ ላይ ሰውን አዘውትሮ የሚይዝ በሽታ እንደሆነ፣ በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና እንደሚድን አውቃለሁ። ያን ቀን አውድማው ላይ ማንም ለሞተ ሰው እያለቀሰ እንዳልነበረም አውቃለሁ። አባቴ ተቀዶ፣ ተሰፍቶ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር። የታመመው ፈረሱ ነበር። ጠዋት ገብሱን አልበላም አለ፤ መሬቱን በኮቴው ይጭር ጀመር፤ አንገቱን እያዞረ ሆዱን ያያል፤ ይተኛል፤ ይነሳል። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው እንዳይንከባለል ማዞር የአገራችን ልማድ ነው። በርኖሱም የተደረበለት ላቡ በወገራ ነፋስ ላይ እየቀዘቀዘ ስላንቀጠቀጠው ነው። ባንቺአየሁ ወደ ቤት ገብታ እጇ ላይ የገባላትን ወፍራም ልብስ አመጣች። ያ ልብስ የማን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

አጥሩን አልፌ ስገባ ባንቺአየሁ ቶሎ ብላ ዓይኗን ጠረገች።

«መጣሽ ማርዬ? አባትሽ ደህና ነው። ጠዋት ተደውሎ ነበር። ሸጋ ሆኗል አሉ።»

እኔ አልጠየቅኋትም። ሳልጠይቃት መናገሯ ያወቅሁትን አጸናው።

«ምሳሽን ብዪ» አለች ጎረቤታችን ታየች፣ እጄን ይዛ። «ጠግበሽ ብዪ እሺ?»

ይህንንም አውቀዋለሁ። መርዶ የሚረዳ ሰው አስቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል፤ ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትም። ባለፈው ክረምት የታየች ወንድም መተማ በረሃ ላይ ሞቶ፣ መንደሩ ሁሉ እያወቀ ሰንብቶ ነበር። ታየች ብቻ አታውቅም። ውኃ ስትቀዳ ስትቀልድ፣ ለወንድሟ ቅቤ ስታስቀምጥ፣ ሴቶቹ አብረዋት ሲስቁ አይቻለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፏ ላይ ተቀመጡ። እኔ አንድ ጊዜ ልነግራት አፌን ስከፍት አባቴ አፌን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ጨዋ ሰው መርዶ አይቀድምም፤ ጊዜ አለው» ብሎኝ ነበር።

ስለዚህ አላለቀስኩም። ሊነግሩኝ እየተዘጋጁ ያሉ ሰዎችን መቅደም ነውር ነው። ታየች እያየችኝ እንጀራውን በላሁ፤ ውኃ ጠጣሁ። ከዚያ ወጥቼ ወደ ሰውአገኝ ሄድኩ።

«እኔ ልያዘው» አልኩት።

«ይከብድሻል የኔ ልጅ።»

«እኔ ልያዘው።»

ባንቺአየሁ፣ «ተዋት ትያዘው፤ የአባቷ ፈረስ አይደል፤ አንተ ከጎኗ ሁን» አለችው። ገመዱን ተቀበልኩ።

ልጅ የራሱ ሒሳብ አለው። የእኔ እንዲህ ነበር፦ ፈረሱ እስከዞረ ድረስ ልቅሶው አላለቀም። ልቅሶው ካላለቀ መርዶው አይነገርም። መርዶው ካልተነገረ ደግሞ አባቴ ገና ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ዳማ እንዳይቆም ማድረግ ነበረብኝ። ቆሞ ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል «ዳማ፣ ዳማዬ፣ አደራህን» እያልኩ ገመዱን በሁለት እጄ እጎትታለሁ። ሰውአገኝ ከኋላ ይገፋል። ትልቁ ራሱ ከራሴ በላይ ተንጠልጥሎ፣ ትኩስ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ያርፋል። ከአፍንጫው ቀጭን፣ የሚሸት ፈሳሽ ይንጠባጠብ ነበር። እሱም እንደ እኔ እንባውን የዋጠ መሰለኝ።

ስንዞር በሰዎቹ አጠገብ ባለፍን ቁጥር ወሬያቸው ይቋረጣል፤ ስንርቅ እንደገና ይቀጥላል። የሚደርሰኝ ቁርጥራጩ ነው። «ክንዱ…» ይላሉ፤ «ሞት…» ይላሉ፤ «ዝም በሉ፣ ልጅቱ መጣች» ይላሉ። ሙሉውን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ከባንቺአየሁ አፍ ነው።

ነገሩን የጀመረው አያ አድማሴ ነበር፤ በመንደሩ ትልቁ ሽማግሌ።

«ተዉት ይህን ፈረስ» ብሏል። «የጌታው ሆድ ተነፋ፤ የፈረሱም ሆድ ተነፋ። ለክንዱ የታዘዘው ነው በዚህ ላይ ያረፈው። በከብት ይለፍ ተብሎ ይጸለያል እንጂ፣ ሊያልፍ የመጣውን ይዞ ማዞር ምን ይባላል?»

«ምን ማለትህ ነው አያ አድማሴ?» አለች ባንቺአየሁ።

«ፈረሱ ቢሞት ለወንድምሽ ምትክ ነው። ብታተርፊው ሞት ወዴት ይሄዳል? ተመልሶ ወደ ባለቤቱ።»

ከቆሙት ውስጥ ራሱን የነቀነቀ ብዙ ነበር። ባንቺአየሁ ግን ወደ እሱ ዞራ፣ «እግዚአብሔር እንዳንተ ቋጣሪ ነው እንዴ፣ አንዱን ካልወሰደ አንዱን የማይምር?» አለችው። «ደግሞስ ወንድሜ ሆዱን ተቀዶ ሲመጣ ከመኪናው መንገድ ይህን ዳገት በምን ሊወጣው ነው? አንተ ታዝለዋለህ?»

«ድሮ ቢሆን አዝለው ነበር።»

«ድሮማ አንተም ፈረስ ነበርክ» አለች ታየች። ሰዉ ሳቀ። እኔ ከአውድማው ማዶ ሆኜ ሳቁን ሰማሁ፤ በታየች ፊት እንደተሳቀው ዓይነት ሳቅ መሰለኝ። ይበልጥ ፈራሁ።

ባንቺአየሁ የአያ አድማሴን ነገር አልፈራችም ማለት አይደለም። ያን ሌሊት ስትጸልይ፣ «ሁለቱንም» የምትለው ቃል ብቻ ከአፏ እንደወጣ ነግራኛለች። አያ አድማሴ ይህን ሳይናገር፣ ገና በማለዳ ግን ባሏን ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ልካ፣ ለእናቴ አስደውላ፣ ከጎንደር የፈረስ ሐኪም ይፈለግልኝ ብላ ነበር።

ሐኪሙ የደረሰው ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነው። አንድ በቅሎ ካርቶን ተጭና ከፊቱ ትሄዳለች። ቀጭን ወጣት ነው፤ ቦቲ ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ስሙ ዕንባቆም ነበር።

«ለፈረስ ሐኪም!» አለ አያ አድማሴ። «እኛ ታመን ጤና ጣቢያ ለመድረስ እግራችን ይላጣል፤ ለፈረስ ሐኪሙ ራሱ ይመጣል።»

«እርስዎንም አይዎታለሁ አባቴ» አለ ሐኪሙ ካርቶኑን እያወረደ። «ግን ያመጣሁት አንድ የጎማ ቱቦ ነው፤ ከፈረሱ በኋላ ነው የሚደርስዎት።»

አያ አድማሴ ጎማውን አየ። ከዚያ በኋላ ስለ ሕክምና አልተናገረም።

ሐኪሙ የዳማን ድድ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየ፤ ማዳመጫውን በጆሮው ሰክቶ ሆዱን በአራቱም ማዕዘን አዳመጠ። ብዙ ቆየ። «አንጀቱ ዝም ብሏል» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ ባንቺአየሁ ዞሮ ፈረሱ ምን እንደበላ ጠየቃት።

«ገብስ ነው» አለች፤ ፊቷ ጠቆረ። «ወንድሜ ሲመጣ ከስቶ እንዳያየው ብዬ ሰሞኑን ከወትሮው በርከት አድርጌ… እኔ ነኝ የገደልሁት በለኝ።»

ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። «ገብስ አይደለም እመቤቴ» አላት። «ይህ ከገብስ አይመጣም። እንዲሁ የሚመጣ ነው።»

እሷ በዚያች ቃል እስከ ዛሬ ትኖራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዶክተር ዕንባቆምን ጎንደር አግኝቼ ስለዚያ በሽታ ጠይቄው ነበር። የቀጭኑ አንጀት መነሻ ላይ የሚነሳ እምብዛም የማይታይ ብግነት ነው አለኝ፤ አንጀቱ ያብጥና መግፋቱን ያቆማል፤ ፈሳሹ ወደ ኋላ ወደ ጨጓራ ይመለሳል። ፈረስ ደግሞ ማስታወክ አይችልም። ካልተቀዳለት ጨጓራው ይፈነዳል። ከምን እንደሚመጣ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ ባክቴሪያ ይጠረጠራል፤ እህል የሚበዛላቸው ፈረሶች ይበልጥ ይያዛሉ የሚሉ አሉ። «ታዲያ ለአክስቴ ገብስ አይደለም ብለሃታል» አልኩት። «የማላውቀውን ነገር በእሷ ላይ ልፍረድ?» አለኝ። ስለዚህች መልስ አመሰግነዋለሁ፤ እሷ ግን ምን እንደተጠየቀና ምን እንደተመለሰ አታውቅም።

ጎማውን በለጋ ቅቤ ቀባው። በዳማ አንገት ላይ ለክቶ ምልክት አደረገበት። ሰውአገኝ የፈረሱን የላይ ከንፈር በገመድ ጠምዝዞ ያዘ፤ ሐኪሙ ጎማውን በአፍንጫው ቀዳዳ ያስገባው ጀመር። ፈረሱ የሚሳብበት ገመድ አሁንም በእኔ እጅ ነበር፤ ልቀቂ ቢሉኝም አልለቅም ብያለሁ። ዳማ ዓይኑን አፈጠጠ። የሐኪሙ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ቀርቤ ስለነበር ሰማሁት። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል፤ ሳያቋርጥ፣ እንደ ካህን።

ይህን ጸሎት በቀኛዝማች ፍትሐት ላይ ሰምቼዋለሁ። ሰውየው ሐኪም አለመሆኑ ገባኝ። ፍትሐት ሊያደርግ ከጎንደር የመጣ ካህን ነው። አባቴ የሞተው ጎንደር ስለሆነ፣ ሬሳው እዚህ ስለሌለ፣ በፈረሱ ላይ ነው የሚፈታለት።

ሐኪሙ ውኃ በጎማው አፍስሶ ጫፉን ወደ ባልዲው ዝቅ ሲያደርገው፣ ናፍጣ ከበርሜል እንደሚሳብ፣ ፈሳሹ ወረደ። ቀይ ቡና የመሰለ፣ ሽታው ሰውን ሁሉ አፍንጫ ያስያዘ ፈሳሽ ነበር። ባልዲው ሞላ። ሰውአገኝ ደፍቶ መጣ። ደግሞ ሞላ። ሴቶቹ «አቤት! አቤት!» ይላሉ። ሬሳ ሳይገነዝ እንደሚታጠብ አውቅ ነበርና፣ ይህም እጥበቱ መሰለኝ። እጥበቱ ካለቀ ግንዘት ይከተላል። ግንዘት ካለቀ ቀብር። ገመዱን አጠበቅሁ።

የዕንባቆም አባት በጎንደር ከተማ ከሚገኙት ደብሮች በአንዱ የድጓ መምህር ነበሩ። እሱም ከዘመናዊው ትምህርት በፊት እግራቸው ሥር ተቀምጦ ተምሯል። ያን ዕለት ይህን በሽታ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። «ጎማው ወደ ሳንባው ከገባ በእጄ ገደልኩት ማለት ነው» አለኝ። «ስፈራ አፌ ወደ አባቴ ቤት ይመለሳል።» እኔ ዛሬ ያንን የመሰለ ቀጭን ጎማ በሰው አፍንጫ ሳስገባ የማን እጅ እንደሚታየኝ አልነገርኩትም።

የዳማ ሆድ ሲጎድል በዓይን ይታይ ነበር። አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«አሁን ይቁም» አለ ሐኪሙ። «ማዞሩ ይበቃል።»

«አይቁም» አልኩ።

«ደክሞታል እቴ።»

«አይቁም አልኩህ!»

ሰዎቹ ተያዩ። «እንዴት ያለ ፍቅር ነው» አለች አንዷ። ሐኪሙ አጎንብሶ ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያም ለሰውአገኝ፣ «አንተ ከኋላው ሁን፤ ቀስ እያለች ጥቂት ታዙረው፤ አይጎዳውም» አለው። በኋላ እንደነገረኝ ማዞሩ በራሱ ፈረሱን አያድነውም ነበር፤ አላዳነውምም። የፈቀደልኝ ለእኔ ሲል ነው። ለዳማ በደም ሥሩ የሚገባውን ግሉኮስ በአውድማው ዳር ካለው ወይራ ቅርንጫፍ ላይ እስኪሰቅል ድረስ፣ ያለ ምንም ጥቅም፣ ያን አውድማ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የባንቺአየሁን ጀርባ ነው፤ እዚያው ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል።

ሌሊት የሆነውን አላየሁም። እየተፈራረቁ ባልዲ ሲደፉ፣ ግሉኮስ ሲቀይሩ፣ ፈረሱ ሲተኛ በትከሻቸው ሲያነሱት ነው የነጋው። ከሁሉ ብዙ ባልዲ የደፋው አያ አድማሴ ነበር አሉ። ለምን ሲባል፣ «ሞትን በፈረሱ ካላሳለፍሁት በባልዲ ልድፋው ብዬ ነው» አለ።

የነቃሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ውጭ ሰው በዝግታ ያወራል። ተነስቼ በበሩ ክፍተት አየሁ።

ጎረቤቶቻችን ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው በግቢያችን ድንጋዮች ላይ ተቀምጠዋል፤ ልክ በታየች ደጅ እንደተቀመጡት። ዳማ መዞሩን አቁሟል። ዝም ብሎ ቆሟል። በርኖሱ ከጀርባው ላይ የለም። በርኖሱን የለበሰው ያ ካህን ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

የሞተ ሰው ልብስ ለፈታው ካህን እንደሚሰጥ ማን አያውቅም?

በሩን በረገድኩት። ጊዜው ደርሶ ነበርና ማንንም መቅደሜ አልነበረም። በቀኛዝማች ልቅሶ ላይ አልቃሿ እንዳደረገችው ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ወጣሁ።

«አባዬ! የዳማ ጌታ! ለማን ሰጥተኸኝ ሄድክ አባዬ!»

የተቀመጠው ሁሉ ብድግ አለ። ሐኪሙ ከእንቅልፉ ባንኖ ወደ ፈረሱ ሮጠ። ባንቺአየሁ መጥታ ያዘችኝ።

«ምን ሆንሽ? ማን ምን አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። አይቻለሁ።»

«ምን አየሽ የኔ እናት?»

በጣቴ አሳየኋት። ፈረሱን። ሰዎቹን። ካህኑን፤ በካህኑ ትከሻ ላይ ያለውን። ባንቺአየሁ ጣቴን በዓይኗ ተከተለች፤ አልገባትም። ቀድሞ የገባት ለታየች ነው።

«ወይኔ!» አለች ደረቷን መትታ። «ባንቺአየሁ፣ በርኖሱ! ከትናንት ጀምሮ ልጅቱ… ወይኔ ወይኔ! የቀኛዝማች ልቅሶ ላይ ነበረችኮ!»

ባንቺአየሁ ቁጭ ብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችኝ። ትስቃለች፤ ታለቅሳለች። «አባትሽ ደህና ነው። እውነቴን ነው፤ በማርያም፤ ደህና ነው።»

«እንደዚያ ነው የሚባለው» አልኳት።

ምን ብለው ይማሉልኝ? ከመርዶ በፊት ያልተማለ መሐላ በአገራችን የለም።

«እውነቷን ነው» አለች ታየች በመጨረሻ፣ በዝግታ። «ለእኔም እንደዚያ ብላችሁኛል።» ከዚያ ነጠላዋን አጥብቃ፣ «በአፍ አይሆንም። ድምፁን አሰሟት» አለች።

ባንቺአየሁ አዝላኝ ጉብታውን ወጣች። ታየች ከኋላ ተከተለችን። ላይ ያለችው ጽድ ሥር ስንደርስ ነው ስልኩ የሚሠራው። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። ባንቺአየሁ ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችው።

«እማዬ፣ አባዬን ስጪኝ።»

«ማርዬ!» አለች እናቴ፤ ደነገጠች። «አባትሽ ተኝቷል። ደህና ነው። ከሰዓት ትደውያለሽ…»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ይህም የሚባለው ነው። ከዚያ ግን ከእናቴ ኋላ ሌላ ድምፅ መጣ። የሻከረ፣ ደካማ፣ የሚቆጣ።

«ማን ናት? ስጪኝ! ስጪኝ አልኩሽ!»

ስልኩ ተንኳኳ፤ ትንፋሽ ሰማሁ።

«ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«አንቺ ማን?»

«ማርያማዊት።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ።

«ማርያማዊት ክንዱ።»

«ፈረሴ ላይ ስትቀመጪ ምን ብዬ ነው የማወርድሽ?»

«'ውረጂ አንቺ ቅንጫብ' ብለህ።»

አሁን የሚተነፍስበት መንገድ ተለወጠ። እያለቀሰ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሆዱ ያመመው መሰለኝ። አባቴ ከሆነ፣ ደህና ከሆነ፣ ለአባቴ የሚነገር ነገር ነበረኝ፤ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ዳማ እንደታመመ፣ ሆዱን እንደቆረጠው፣ ሰዎች ሁሉ እንዳዞሩት፣ እኔም እንዳዞርሁት፣ በአፍንጫው ጎማ እንደገባለት። ባንቺአየሁ «ኧረ ተይ፣ አይነገረውም ተብሏል!» እያለች ስልኩን ልትነጥቀኝ ስትል ታየች እጇን ያዘቻት።

«ዳማ ነው?» አለ አባቴ። «የታመመው ዳማ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

ሳቀ። አባቴ ሳቀ! «ኧረ ስፌቴ… ኧረ ስፌቴን… ዝናሽ፣ ፈረሱ ነው! ፈረሱ ነው እኮ! ምነው ፈረሱ ነው ብትይኝ!» እየሳቀ «ወይ ሆዴ» ይላል። ከዚያ አምላኩን አመሰገነ። «ፈረስማ ይሙት» አለ፤ «ፈረስ ምን ዋጋ አለው፣ ሺ ፈረስ ይሙት!»

ስልኩን ለባንቺአየሁ ሰጠኋት። አባቴ ሕያው እንደሆነ አምኛለሁ፤ የሞተ ሰው ስፌቱ አያመውም። ግን ተቆጥቼ ነበር። ሲሄድ ለእኔ ሳይሆን ለፈረሱ አደራ ያለ ሰው፣ ዳማ ሌሊቱን ሲሠቃይ አድሮ እንዴት ይስቃል? ይህን ቂም ለዳማ ብዬ ለብዙ ጊዜ ይዤለት ኖሬያለሁ።

ምክንያቱን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ጎንደር ለትምህርት በሄድኩበት ዓመት ነው። ከመንደር ስለ ሐኪሙ ሲደወልላት ከአባቴ አልጋ ርቃ ኮሪደር ላይ እያንሾካሾከች አወራች፤ እያለቀሰች ተመለሰች። ምን ሆነ ሲላት፣ «ሁሉም ደህና ነው» አለችው። አባቴም ጨዋ ሰው ነበርና መርዶ አይቀድምም። ያን ሌሊት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ነግቶ እስኪነግሩት ድረስ፣ የእኔን ሞት ሲጠብቅ አደረ። እኔ አውድማውን ስዞርለት፣ እሱም በሐሳቡ እንደዚያው ዞሮልኛል።

ስለዚያ ሌሊት ሳስብ ማንንም መውቀስ አልችልም። የዋሹን ሁሉ ወደውን ነው የዋሹን። ዳገቱን በእግሩ ለወጣው ሐኪም፣ ባልዲ ለደፉት እጆች፣ ከጉብታው ላይ የባንቺአየሁን እጅ ለያዘችው ለታየች ዕዳ የማይባል፣ ከዕዳ የሚሻል ነገር አለብኝ። አባቴ ስፌቱ ደርቆ ሲመጣ ያን ዳገት በዳማ ጀርባ ወጣው፤ ሐኪሙ ፈረሱ አንድ ወር ይረፍ ስላለ ቀኑ እስኪደርስ አምባ ጊዮርጊስ ዘመድ ቤት ሆኖ ፈረሱን ጠበቀ። አሁንም በሕይወት አለ፤ ስደውልለት እስከ ዛሬ «ማን ነው?» ብሎ ሦስቴ ያስደግመኛል።

ከጉብታው ስንወርድ ከግቢያችን እልልታ ሰማን። ባንቺአየሁ ደንግጣ ሮጠች። ስንደርስ አያ አድማሴ ዱላውን ወደ መሬት ቀስሮ፣ ሰዎች ከብበውት፣ ወርቅ ያገኘ ይመስል ጎንበስ ብሎ ያያል።

«ፋንድያ ጣለ!» አለን። «ኑ እዩ! እንዴት ያለ ሸጋ ፋንድያ!»

ሐኪሙ በርኖሱን እንደለበሰ ፋንድያው አጠገብ ተንበርክኮ ይስቅ ነበር። ሴቶቹ ደግመው እልል አሉ። ታየች ከሁሉም ድምፅ የሷን አስበለጠች።

እኔ ሰው ሁሉ ፋንድያውን እስኪያይ ጠብቄ ወደ ዳማ ሄድኩ። ራሱን ወደ እኔ ዝቅ አደረገልኝ። በአፍንጫው ዙሪያ የደረቀውን በቀሚሴ ጠረግሁለት፤ ጆሮውን በእጄ ያዝሁ።

«አባዬ ደህና ነው» አልኩት። «አንተ መታመምህን ስነግረው ሆዱን አመመው።»

አባዬ ስለ ፈረስ ያለውን ግን አልነገርኩትም። ገና አልበረታም ነበር።